ከጓደኞች ጋር ካንኩን፦ የኦል ኢንክሉሲቭ ሪዞርት ዕረፍት ከቀብድ እስከ ሂሳብ መዝጊያ

ኦል ኢንክሉሲቭ ሪዞርት ማለት መኝታው፣ ምግቡ፣ መጠጡና አብዛኛው መዝናኛ በአንድ ዋጋ ተጠቃሎ አስቀድሞ የሚከፈልበት ሆቴል ነው። አንዴ ከገባችሁ ቁርስ ስንት ነው፣ ውሃ ስንት ነው የሚባል ጥያቄ የለም። አሜሪካ ለምንኖር ሐበሾች ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው። ምግብ በተበላ ቁጥር "እኔ ልክፈል"፣ "በሞቴ እኔ ነኝ የምከፍለው" እየተባባሉ ሂሳብ ላይ መታገል የለም።

ገንዘቡ ቀድሞ ስለሚከፈል ግን ጣጣውም ቀድሞ ይመጣል። የጓደኛሞችን ጉዞ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ሆቴሉ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። አንዱ አቅሙ የማይፈቅደውን ዋጋ "እሺ" ይላል። ሌላዋ ከማታውቃት ሴት ጋር አልጋ መጋራት አትፈልግም፣ ግን ዝም ትላለች። ሌላው ዋና አይችልም፣ ግን አይናገርም። ይሄ ሁሉ እዚያ ከተደረሰ በኋላ ኩርፊያ ሆኖ ይወጣል፤ የመጨረሻውማ ከኩርፊያም የከፋ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ትልቁ ክፍል ከመሄዳችሁ በፊት ስለሚሠራው ሥራ ነው።

ምሳሌ ያደረግሁት ሜክሲኮ ያለችውን ካንኩንን ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ በቀጥታ በረራ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ፑንታ ካና (ዶሚኒካን ሪፐብሊክ) ወይም ጃማይካ ለምትሄዱም አብዛኛው ያገለግላችኋል።

1. መጀመሪያ ገንዘቡን ተነጋገሩ፣ ሆቴሉ ይቆይ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከፎቶ ነው። አንዱ የሚያምር ገንዳ ያለበት ሆቴል ፎቶ ግሩፕ ላይ ይለጥፋል፣ ሁሉም ልብ ይልክበታል፣ ዋጋው የሚታየው ግን በኋላ ነው። እናንተ ግን ከዋጋው ጀምሩ። ከመሃላችሁ አንድ አስተባባሪ ምረጡ። አስተባባሪው ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይደውል። "በረራን ጨምሮ ከዚህ በላይ አልችልም የምትለው ጣሪያ ስንት ነው?" ብሎ ይጠይቅ። ግሩፕ ላይ አይጠየቅም። ሰው ፊት "አልችልም" ማለት ለማንም ይከብዳል። በስልክ፣ ለብቻ ሲሆን ግን እውነቱ ይነገራል።

ከዚያ ሆቴሉ የሚመረጠው ዝቅተኛውን ጣሪያ ይዞ ነው። "አማካዩን እንውሰድ" የሚለው ሐሳብ አያዋጣም። አማካዩን የወሰደ ቡድን አቅሙ ያነሰውን ሰው ወይ ዕዳ ያስገባዋል፣ ወይ ያስቀረዋል።

ጊዜ ካላችሁ በእቁብ መልክ መሰብሰብ በጣም ጥሩ ዘዴ ነው። ከስምንት ወይም ከአሥር ወር በፊት ጀምሩና በየወሩ የተወሰነ ብር ዜል በሚባለው የስልክ ገንዘብ መላኪያ ለሰብሳቢው ይላክ። ዕጣ አይወጣም፣ ሁሉም ለጉዞው ይጠራቀማል። ሰብሳቢው ለዚህ ብቻ የተለየ አካውንት ይክፈት፣ በየወሩ መጨረሻም የሂሳቡን ፎቶ ግሩፕ ላይ ይላክ። ስለማትተማመኑ አይደለም፤ ሰብሳቢውን ከሐሜት ስለሚያድነው ነው።

አንድ ሕግ ደግሞ በጽሑፍ ይቀመጥ፦ ቀብድ ከፍሎ የቀረ ሰው ምን ይመለስለታል? ክፍሉ ለሁለት የተያዘ ከሆነ አንዱ ሲቀር የሌላው ዋጋ ይጨምራል። ያንን ልዩነት የሚከፍለው የቀረው ሰው ነው ወይስ ሁሉም ተካፍሎ? የትኛውም መልስ ያስኬዳል። መልስ አለመኖሩ ነው የሚያጣላው።

2. ቀኑን ስትመርጡ ሰማዩንም ባህሩንም ጾሙንም እዩ

በካሪቢያን የአውሎ ነፋስ ወቅት በፈረንጆቹ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። በጣም የሚያሰጋው ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር ያለው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2005 ዊልማ የተባለው አውሎ ነፋስ ካንኩንን ክፉኛ ጎድቷታል። በዚህ ወቅት ዋጋ ይቀንሳል፣ ቅናሹም ያጓጓል። ከሄዳችሁ የጉዞ ኢንሹራንስ ሳትይዙ አትሂዱ። ኢንሹራንሱም የሚገዛው አውሎ ነፋሱ ስም ወጥቶለት ዜና ከመሆኑ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የተገዛ አይሸፍነውም።

ሌላው ሳርጋሶ ነው። ቡናማ የባህር አረም ነው፣ በማዕበል እየተገፋ መጥቶ ዳርቻው ላይ ይከመራል። ሲበሰብስ እንደተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በብዛት የሚመጣው ከአፕሪል እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ ነው። ፎቶ ላይ ያያችሁትን ሰማያዊ ውሃ ፈልጋችሁ ሄዳችሁ ቡናማ ነገር ሲጠብቃችሁ ያናድዳል። ከዲሴምበር እስከ ማርች ባህሩ ይሻላል፣ ዋጋው ግን ይወደዳል።

አሁን ወደ እኛው የቀን መቁጠሪያ እንምጣ። የአሜሪካ ተማሪዎች ስፕሪንግ ብሬክ የሚወጡበት ማርች አብዛኛውን ጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ይወድቃል። ጾመኛ ጓደኛ ካላችሁ በ55 ቀኑ ጾም ውስጥ የፍስክ ቡፌ ፊት አታስቀምጡት። በዚያ ላይ በዚያ ሰሞን ካንኩን በወጣት ጩኸት ትሞላለች። ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ወይም ከጥር እስከ ሁዳዴ መግቢያ ያለውን ጊዜ እኔ እመርጣለሁ። ረመዳንም እንዲሁ ይታሰብ። የጁላይ 4 ሰሞን ደግሞ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል አለ። ያንን ሳምንት ለዕረፍት ብትመርጡ ግማሹ ጓደኛችሁ አይመጣም።

3. ወረቀት፦ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሰው ችግር የለበትም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ግሪን ካርድ ያለው ሰውም ወደ ሜክሲኮ የተለየ ቪዛ አያስፈልገውም። ግን ሁለቱም፣ ፓስፖርቱም ግሪን ካርዱም፣ ያልተቃጠሉ መሆን አለባቸው። ብዙ ሰው ግሪን ካርድ ካገኘ በኋላ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን ረስቶት ጊዜው ያልፍበታል። እድሳት ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እያንዳንዱ ሰው ፓስፖርቱን አውጥቶ የሚያበቃበትን ቀን ያንብብ። "አለኝ" ማለት አይበቃም።

ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠባበቅ ጓደኛ ካላችሁ ነገሩ ከባድ ነው። ቅድመ ፈቃድ፣ አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን ሳይዝ ከአሜሪካ የወጣ ሰው ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠርበታል። ጠበቃውን ሳያማክር የትም አይሂድ። ይሄ ጓደኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁኔታውን በአደባባይ መናገር አይፈልግም። "ሥራ በዛብኝ" ብሎ ሲቀር ካያችሁ አትጫኑት፤ አስተባባሪው ለብቻው ያናግረው። አብሮ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ጉዞውን ወደ ፍሎሪዳ ባህር ዳርቻ ማዞር ይቻላል። ኦል ኢንክሉሲቭ ባይሆንም አንድ ቤት ተከራይቶ አብሮ ማብሰል የራሱ ደስታ አለው።

4. ቦታ መምረጥ

የካንኩን የሆቴሎች ቀጠና ከባህሩና ከሐይቁ መሃል የተዘረጋ ቀጭን መሬት ነው፣ ርዝመቱ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ። ካርታ ላይ ስታዩት የ7 ቁጥርን ይመስላል። ይሄ ቅርጽ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። የ7ቱ አግድም ወደ ሰሜን፣ ወደ ኢስላ ሙሄሬስ ደሴት ያያል፤ ውሃው የተረጋጋ ነው። ቁልቁል የወረደው ረጅሙ ጎን ግን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሰፊው ባህር ያያል። ቀለሙ ያፈዛል፣ ማዕበሉና የውስጥ ጅረቱ ግን ኃይለኛ ነው። ከመሃላችሁ ዋና የማይችል ካለ አግድሙ ላይ ያለ ሆቴል ምረጡ።

ሪቪዬራ ማያ የሚባለው ደግሞ ከካንኩን ወደ ደቡብ፣ ወደ ፕላያ ዴል ካርመንና ቱሉም የሚወስደው ዳርቻ ነው። እዚያ ያሉት ሪዞርቶች ሰፋፊና ጸጥ ያሉ ናቸው። ከግቢ መውጣት ለማይፈልግ ቡድን ይመቻሉ። ማታ ወጣ ብሎ ከተማ ማየት ለሚወድ ግን ካንኩን ውስጥ መሆን ይሻላል፤ አውቶቡሱ በቀጠናው ውስጥ ሌት ተቀን ይመላለሳል።

ሆቴሉ ለአዋቂዎች ብቻ ነው ወይስ ልጆችም ይገባሉ? ልጅ የሚያመጣ ጓደኛ ካለ ይሄ መጀመሪያ ይጣራ። የተጓዦችን አስተያየት ስታነቡ የቅርቡን ወር አንብቡ፤ ሰዎች ራሳቸው ያነሷቸውን ፎቶዎችም እዩ። የሆቴሉ ፎቶ ሁልጊዜ ያማረ ነው።

5. ክፍልና ዋጋ

ዋጋው የሚጻፈው በአብዛኛው በነፍስ ወከፍ፣ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ይይዛል ተብሎ ነው። ለብቻው መተኛት የሚፈልግ ሰው ጨምሮ ይከፍላል። ሦስት ሆኖ መያዝ ይረክሳል፣ ግን ሦስት አልጋ አለ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ያለው ሁለት አልጋ ነው፤ ሁለቱ ይጋራሉ። ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ ከመክፈላችሁ በፊት ስም በስም ጻፉ። የሚያንኮራፋ ሰው አሁኑኑ ይናገር። ማታ ስልክ የሚያወራም ይናገር።

ከመክፈላችሁ በፊት ሆቴሉን በኢሜይል ጠይቁ፦ ምግብ ቤቶቹ ሁሉ በዋጋው ውስጥ ናቸው? ቦታ ማስያዝ ያስፈልጋል? ማመላለሻ አለው? ብዙ ክፍል ለሚይዝ ቡድን ቅናሽ አለ? ስፓ፣ ሞተር ያላቸው የውሃ መጫወቻዎች፣ የፎቶ አንሺው ፎቶ፣ ሎብስተርና ውድ ወይን በአብዛኛው ለብቻ የሚከፈልባቸው ናቸው። ከዚህ ሌላ የአካባቢ ጽዳት ክፍያ አለ። በየክፍሉ፣ በየሌሊቱ የሚታሰብ ትንሽ ገንዘብ ነው፣ ሪሴፕሽን ላይ ይከፈላል። ክፍለ ግዛቱም ቪዚታክስ የሚባል የጎብኚ ክፍያ አለው፣ በኦንላይን ነው የሚከፈለው። እሱን ስትከፍሉ የመንግሥቱን ድረ ገጽ መሆኑን አረጋግጡ፤ አስመሳዮች በዝተዋል።

6. ሻንጣ

ዋናው ልብስ ነው ብላችሁ አታስቡ። የሚረሱት ሌሎች ነገሮች ናቸው።

መድኃኒት ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። የራስ ምታት፣ የሆድ፣ የአለርጂ፣ ሁሉንም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ሜክሲኮ ውስጥ አንዳንድ ፋርማሲዎች ፌንታኒል የተባለው ገዳይ ሊሆን የሚችል ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ያለበት የተጭበረበረ ክኒን እንደሚሸጡ አስጠንቅቋል። ጥቁር ቆዳም በፀሐይ ይቃጠላልና ሳንስክሪን ይያዝ፤ ኮራልን የማይጎዳ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ሴቶች ከመሄዳችሁ በፊት ሹሩባ ብትሠሩ ትገላገላላችሁ። ጨው ውሃና ክሎሪን ፀጉር ያደርቃል፣ በየቀኑ ማስተካከሉም ጊዜያችሁን ይበላል።

አንድ ዶላር፣ ሁለት ዶላር፣ አምስት ዶላር ዘርዝራችሁ ያዙ፤ ለቲፕ ነው። ሳንቲም አትያዙ፣ እዚያ አይመነዘርም።

ቡናን በተመለከተ፦ የሆቴል ቡና ለእኛ ቀጭን ነው። የተቆላና የተፈጨ፣ በደንብ የታሸገ ቡና መያዝ ይቻላል። ጥሬ ቡና ግን ተዉት። ክፍል ውስጥ መቁላትና ዕጣን ማጨስም አይታሰብ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፣ ቅጣትም አለው። ቋንጣና ማንኛውንም የሥጋ ነገር ቤት ተዉ። እንዲሁም ቬፕ፣ የኤሌክትሪክ ሲጋራውን። ሜክሲኮ ቬፕ ማስገባትን ስለከለከለች ካንኩን አየር ማረፊያ ላይ ተወርሶ የሚቀጣ ብዙ ነው።

7. ስትደርሱ

ሻንጣ ይዛችሁ ጉምሩክን እንዳለፋችሁ ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች የተሰለፉበት አዳራሽ ታገኛላችሁ። "ታክሲ?"፣ "የየትኛው ሆቴል ናችሁ?"፣ "ማመላለሻችሁ እዚህ ነው" ይላሉ። አብዛኞቹ የታይምሼር ሻጮች ናቸው፤ ታይምሼር ማለት በየዓመቱ ለተወሰነ ጊዜ የምትጠቀሙበት የዕረፍት ቤት ድርሻ ነው። ሰላም ብላችሁ ሳትቆሙ ወደ ውጭ ውጡ። ቀድማችሁ የያዛችሁት ሹፌር ስማችሁን ጽፎ የሚጠብቀው ውጭ ነው። ስምንት ወይም አሥር ሰው ከሆናችሁ አንድ ቫን በጋራ መያዝ ለየብቻ ከመሄድ ይረክሳል።

ሆቴል ውስጥም ይኸው ነገር ሊደገም ይችላል። "ነፃ ቁርስ፣ 90 ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ ስጦታ" ይላችኋል። ሰው ማክበር የለመደ ሐበሻ "አይ" ማለት ይቸግረዋል። ካልፈለጋችሁ "ኖ፣ ግራሲያስ" በቂ ነው፤ ምክንያት አትስጡ። ምክንያት ከሰጣችሁ መልስ አላቸው። ተይዞ የፈረመ ጓደኛ ካለ ደግሞ አይደንግጥ፦ በሜክሲኮ ሕግ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ መሰረዝ ይችላል። በጽሑፍ ይሰርዝ፣ ኮፒም ይያዝ።

ክፍል መረከቢያው በአብዛኛው ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በፈረንጁ 3 ሰዓት ነው። ቀድማችሁ ከደረሳችሁ የእጅ ማሰሪያውን አስረው ሻንጣችሁን ይይዙላችኋል። ዋና ልብስ፣ ነጠላ ጫማና መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ከያዛችሁ ወዲያው መዝናናት ትጀምራላችሁ። ሰዓታችሁንም አስተካክሉ። ካንኩን ያለችበት ክፍለ ግዛት፣ ኪንታና ሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሰዓት አይቀይርም። ከማርች አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ከዋሽንግተን አንድ ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፣ በቀሩት ወራት እኩል ነው።

የመጀመሪያውን ማታ ከማለቁ በፊት አንድ ሰው ሪሴፕሽን ሄዶ ለቡድኑ የራት ቦታ ያስይዝ። አሥር ሰው የሚያስቀምጥ ጠረጴዛ በድንገት አይገኝም።

8. ማዕድ፦ ለጾመኛውም ለሙስሊሙም

ቡፌው ፊት ስትቆሙ ሁሉም የጾም ይመስላል። ጥቁር ባቄላ አለ፣ ሩዝ አለ፣ የበቆሎ ቂጣ አለ። አንዲት ጾመኛ ጓደኛችን ባቄላውን ሞልታ ልትቀመጥ ስትል ጭልፋ የያዘውን ሰውዬ "ማንቴካ?" ብላ ጠየቀችው። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ፣ "ሲ፣ ሲ" አለና ሣህኑን ተቀብሏት ወደ ጓዳ ገባ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በዘይት የተሠራ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለበት ባቄላ ይዞ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ገና ስትመጣ ሲያያት ያዘጋጅላት ጀመር።

ማንቴካ የአሳማ ስብ ነው። የተፈጨው ባቄላ ብዙ ጊዜ በእሱ ይሠራል፣ የስንዴ ቂጣውም እንዲሁ። ስለዚህ ጉዳዩ የጾመኛው ብቻ አይደለም፣ አሳማ የማይበላውን ሁሉ፣ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ይመለከታል። ሩዙም በዶሮ መረቅ ሊበስል ይችላል። እነዚህን ቃላት ስልካችሁ ላይ ጻፏቸው፦ "ሲን ማንቴካ" ያለ አሳማ ስብ፣ "ሲን ሴርዶ" ያለ አሳማ፣ "ሲን ካርኔ" ያለ ሥጋ፣ "ሲን ኬሶ" ያለ አይብ፣ "ሲን ሌቼ" ያለ ወተት፣ "ሲን ካልዶ ዴ ፖዮ" ያለ ዶሮ መረቅ። ቶሲኖ፣ ሃሞን፣ ቾሪሶና ኮቺኒታ ፒቢል የሚሉ ጽሑፎች ስታዩ አሳማ መሆናቸውን እወቁ።

ከቡፌው ይልቅ የምግብ ዝርዝር ያለው ምግብ ቤት ለጾመኛ ይሻላል፤ ሼፉን ማነጋገር ይቻላል። ሆቴሉን አስቀድማችሁ በኢሜይል ብታሳውቁማ በጣም ጥሩ ነው። ሚጥሚጣ ለናፈቀው ደግሞ አባኔሮ አለ። የዚያ አገር ቃሪያ ነው፣ ያቃጥላል። በትንሹ ጀምሩ።

ውሃ ከቧንቧ አትጠጡ፣ ጥርሳችሁንም በታሸገው ተቦረሹ። መጠጥ ነፃ ነው ተብሎ ከጠዋት አይጀመርም፤ በፀሐይ ላይ ሲሆን ቶሎ ይጥላል። የማይጠጣውን ጓደኛ ደግሞ አትጨቅጭቁት።

9. ባህር

ይሄን ክፍል ደጋግማችሁ አንብቡት። ብዙዎቻችን ያደግነው ደጋ ላይ ነው። ዋና የተማርን ጥቂት ነን። የሆቴል ገንዳ ውስጥ ትንሽ መንሳፈፍ የቻለ ሰው ባህር ላይ ዋናተኛ አይደለም።

መጀመሪያ ባንዲራውን እዩ። አረንጓዴ ከሆነ መግባት ይቻላል። ቢጫ ከሆነ ተጠንቀቁ፤ ዋና የማትችሉ ከጉልበት በላይ አትግቡ። ቀይ ከሆነ አይገባም። ጥቁር ከሆነ ዳርቻው ተዘግቷል። ባህሩ ከላይ ሰላም መስሎ ከሥር ሊስብ ይችላል። ሌሎች ሰዎች ገብተዋል ብላችሁ ቀይ ባንዲራ እያለ አትግቡ።

ጅረት ከወሰዳችሁ ወደ ዳርቻ ቀጥ ብላችሁ አትታገሉ፤ ጉልበት ይጨርሳል። ተረጋጉ፣ በጀርባ ተንሳፈፉ፣ እጃችሁን አንስታችሁ ለእርዳታ ተጣሩ። ከቻላችሁ ከዳርቻው ትይዩ ወደ ጎን ዋኙ፣ ጅረቱ ጠባብ ስለሆነ ትወጡበታላችሁ። ጓደኛችሁ ሲወሰድ ካያችሁ ዋና ሳትችሉ ተከትላችሁ አትግቡ። ላይፍ ጋርዱን፣ ማለትም ነፍስ አዳኙን፣ ጥሩት፤ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት። አንዱን ለማዳን የገባ ሌላው የሚቀርበት አደጋ በጣም የተለመደ ነው።

ገንዳም ቢሆን አያዘናጋ። ገንዳ ውስጥ ባር ያለበት ሪዞርት ብዙ ነው። ጠጥቶ ወደ ጥልቁ የሚሄድ ሰው እንዳይኖር ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተጠባበቁ። ማታ ባህር ውስጥ ማንም አይግባ። በጀልባ ጉዞ ላይ ላይፍ ጃኬት ያልጠየቀ ጓደኛ ካለ እናንተ ጠይቁለት። ዋና አለመቻል ነውር አይደለም። ከጉዞው በፊት ሦስት አራት ወር ካላችሁ ደግሞ በየሰፈሩ ባለው የማኅበረሰብ መዋኛ ለአዋቂዎች ትምህርት ይሰጣል፤ አብራችሁ ተመዝገቡ።

የአሜሪካ ኢንሹራንሳችሁ ውጭ አገር እንደሚሸፍን አጣሩ። የግል ሆስፒታሎች ሕክምና ከመስጠታቸው በፊት ገንዘብ ይጠይቃሉ። የአደጋ ስልኩ ሜክሲኮም 911 ነው።

10. ከግቢ መውጣት

አንድ ቀን ከሪዞርቱ ውጡ። እዚያው ተቀምጦ መመለስ ለእኔ አገሩን እንዳላዩ ነው።

ዋና ለማይችሉ ምርጡ ኢስላ ሙሄሬስ ነው። ከፑዌርቶ ሁዋሬዝ በጀልባ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ሰሜናዊው ዳርቻ፣ ፕላያ ኖርቴ፣ ረጅም ርቀት ወገብ ድረስ ብቻ የሚደርስ የተረጋጋ ውሃ ነው። ደሴቷን በትንንሾቹ የጎልፍ መኪናዎች ተከራይቶ መዞር ይቻላል።

ቺቼን ኢትሳ የማያ ሕዝብ የገነባት ጥንታዊ ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ከካንኩን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የትልቁ ፒራሚድ አራቱ ጎኖች እያንዳንዳቸው 91 ደረጃ አላቸው። ከላይ ካለው አንድ ደረጃ ጋር 365 ይሆናል፣ የዓመቱ ቀናት ቁጥር ማለት ነው። የማያዎች የቀን መቁጠሪያ 18 ወር ነበረው፣ እያንዳንዱ 20 ቀን። የቀሩትን አምስት ቀናት ለብቻቸው ያስቀምጧቸዋል። ጳጉሜን ላለን ሰዎች ይሄን አስጎብኚው ሲናገር መስማት ደስ ይላል። ቦታው በዩካታን ክፍለ ግዛት ስለሆነ ሰዓቱ ከካንኩን አንድ ሰዓት ወደኋላ ነው፤ የአውቶቡስ ቀጠሮ ላይ ይሄን አትርሱ። ፒራሚዱ ላይ መውጣት ክልክል ነው። ጥላ የለውም፣ ኮፍያና ውሃ ያዙ።

ሴኖቴ የሚባሉት በኖራ ድንጋይ ውስጥ የተፈጠሩ የንጹህ ውሃ ጉድጓዶች ጥልቅ ናቸው። ላይፍ ጃኬት ሳይለብሱ አይገባም። ከመግባት በፊት ሻወር ይወሰዳል፣ ቅባትም ይታጠባል።

11. አብሮ መሆንና መለያየት

ሁሉም ሰው ቀኑን ሙሉ አብሮ እንዲሆን አታስገድዱ። እኔ የምመክረው አንድ የማይቀር ቀጠሮ ብቻ ነው፦ ራት። ቀን የፈለገ ይተኛ፣ የፈለገ ይዋኝ፣ የፈለገች ስፓ ትሂድ። "የት ጠፋችሁ?" እየተባለ መወቃቀስ የለም። ማታ ግን ማንም ለብቻው ከሪዞርት አይውጣ፣ ማንም ከማያውቀው ሰው እጅ መጠጥ አይቀበል።

ቅሬታ ካለ በዚያው ቀን ለሰውየው ለብቻው ይነገር። ከኋላ ግሩፕ ተከፍቶ የሚታማ ከሆነ ጉዞው አለቀ።

ቲፕ ግዴታ ባይሆንም ስጡ። ለመጠጥ አንድ ሁለት ዶላር፣ ክፍል ለምታጸዳው ሴት በየቀኑ ጥቂት ዶላር ትራስ ላይ። በየቀኑ መሆኑ ጥሩ ነው፤ የምታጸዳው ሰው ሊቀያየር ይችላል። እኛም አገር ቤትም እዚህም በዚህ ሥራ የኖሩ እህቶችና እናቶች አሉን።

12. መውጫና ሂሳብ

ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ማታ ሪሴፕሽን ሄዳችሁ የክፍላችሁን ሂሳብ ጠይቁ። ያላዘዛችሁት ነገር ካለ ጠዋት ሹፌር እየጠበቀ ከመከራከር ማታ ማስተካከል ይቀላል። አየር ማረፊያ ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፤ ቅዳሜና እሑድ ሰልፉ ረጅም ነው። ቴኪላ ከገዛችሁ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው አንድ ሊትር ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ማስገባት ይችላል። ፍራፍሬና ሥጋ አታምጡ።

ቤት በገባችሁ በሳምንት ውስጥ ሰብሳቢው የመጨረሻውን ዝርዝር ግሩፕ ላይ ይላክ፦ የገባው፣ የወጣው፣ የቫኑ፣ የጀልባው፣ የቲፑ። የተረፈ ካለ ለየሰው ይመለስ ወይም ተስማምታችሁ ለሚቀጥለው ይቆይ። የጎደለ ካለ እዚያው ተካፍላችሁ ዝጉት።